የኮን ብራኖክ ግድግዳ

ዴልፊያ የቁርስ ሳህኖችን ልታነሳ ስትጎነበስ ወረቀቱን አየችው። ከላይ፣ ሰማያዊ ቀሚስ የለበሰች ሴት በበረዶ ውስጥ በቅሎ ስትጎትት በውሃ ቀለም ተሥላለች። ከሥሩ የባሏ ጠማማ ጽሕፈት ግማሽ ገጽ ሞልቷል። ሰማያዊ ቀሚስ ያላት እሷ ናት። በማግስቱ ደግሞ ልደቷ ነበር። እጇን በሽርጧ ጠርጋ ወረቀቱን ልታነሳ ዘረጋች።

«ተይው፣ ገና አልደረቀም» አለ ኦሪን። «የኮን ነው።»

«የኮን?»

«ለጉልበቱ ፍል ውሃ ወርዶ የለ? ሰልችቶታል አሉ። ትንሽ ይሳቅ ብዬ ነው።»

«ሴትዮዋስ?»

«አስታማሚው ናት። በቅሎው ራሱ ኮን ነው።»

ዴልፊያ ሳህኖቹን ይዛ ወደ ወጥ ቤት ገባች።

ከተጋቡ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። በእነዚህ ዓመታት ኦሪን ታኬት ደብዳቤ ያልጻፈለት ወዳጅ የለም። ለአንጥረኛው ጽፏል፤ በከብት መንዳት ዘመኑ ሲያበስልላቸው ለነበረው ሽማግሌ ጽፏል፤ ኮርቻውን ሰርቆት ለታሰረው ሰው እንኳ እስር ቤት ድረስ ጽፏል። ሁሉም ሥዕል አለባቸው። ኮን የእሱን ድርሻ በመስታወት አስገብቶ በመጠጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ደርድሯቸዋል። ከሩቅ የከብት እርባታ ድረስ የሚመጡ ሰዎች መጠጡን ሰበብ አድርገው እነሱን ያነባሉ።

ኮን ቤት ግን ሴት አትገባም። ስለዚህ ዴልፊያ ስለዚያ ግድግዳ የምታውቀው ከሰው የሰማችውን ብቻ ነው። ሥጋ ሻጩ የምትገዛውን ሥጋ እየቆረጠ «ይሄ ባልሽማ ስለ ድቡ የጻፈው!» ብሎ ይንከተከታል። እሷም እንዳነበበ ሰው ፈገግ ትላለች።

ሥዕሎቹን የምትሸጥ እሷ ናት። ኦሪን ላጤ ሳለ አንድ ሥዕል በሁለት ብርጭቆ ውስኪ ይለውጥ ነበር። ለቺካጎ ነጋዴዎች የጻፈች፣ የሚጽፋቸውን ታሪኮች አርማ ለመጽሔት የላከች፣ ዋጋ የቆረጠች እሷ ናት። ከተማው ሁሉ ያንን ያውቃል። ያወቀ ሁሉ ደግሞ ትንሽ ይፈራታል።

ልደቷ አለፈ። ኦሪን ጓንት ገዛላት። ጥሩ ጓንት ነበር። እሷ ግን ሌላ ነገር ስታሰላስል ሰነበተች። ደብዳቤ የሚጻፈው ለራቀ ሰው ነው፤ እሷ ደግሞ ከዚህ ቤት አንድ ሳምንት እንኳ ርቃ አታውቅም። ሻንጣዋን አወረደች።

«ሄለና ከተማ፣ ዜላ ጋ ልሄድ ነው» አለችው ኦሪንን።

«ምነው፣ እህትሽ ታመመች?»

«ደህና ናት።»

«ሥዕል የሚገዛ አገኘሽ?»

«ናፍቃኛለች።»

ባቡሩ ሊነሳ ሲል ኦሪን ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ ቆየና «ትልቁን መጥበሻ የት ነው የምታስቀምጭው?» አላት።

በመጀመሪያው ሳምንት ምንም አልመጣም። ፖስተኛው ሲያልፍ ዴልፊያ ከመስኮቱ አትጠፋም።

«ምንድን ነው እንዲህ በር በር የሚያሳይሽ?» አለች ዜላ። «ውሽማ ያዝሽ እንዴ?»

«ከባሌ ደብዳቤ እየጠበቅሁ ነው።»

«ከገዛ ባልሽ? አይ አንቺ ልጅ። እኔ ኤሜት አንድ ሳምንት ዝም ቢልልኝ ስለት አገባ ነበር።»

በሁለተኛው ሳምንት ደብዳቤ መጣ። የመጣው ለዜላ ባል ለኤሜት ነው። ሥዕሉ ላይ ወጥ ቤቱ በጭስ ተሞልቷል፤ ኦሪን የሚነድ መጥበሻ ይዞ ይሸሻል፤ ውሻው ባርኔጣውን በአፉ ነክሶ ቀድሞታል። ኤሜት ሳቅ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። «ወንድ እንዲህ ነው የሚጽፈው!» ብሎ ለሥራ ባልደረቦቹ ሊያሳይ ይዞት ሄደ። ከሥሩ አንድ መስመር ለእሷ ነበር፤ ውሻው ደህና ነው በላት ይላል።

ከሁለት ቀን በኋላ የእሷ ደረሰ። ግማሽ ወረቀት ነው። የቺካጎው ሰው የጎሾቹን ሥዕል ባልሽው ዋጋ ወሰደ። የድንጋይ ከሰል መጥቷል። ሁሉ ሰላም ነው። ኦሪን። ወረቀቱን ገለበጠችው። ጀርባው ባዶ ነው።

«ምን አለ?» አለች ዜላ።

«የድንጋይ ከሰል መጣ።»

በማግስቱ ባቡር ተሳፈረች። ስትወርድ ወደ ቤቷ አልሄደችም። ሻንጣዋን እንዳንጠለጠለች በቀትር የኮን ብራኖክን በር ገፍታ ገባች።

ወሬው ቆመ። አንዱ ከወንበር ላይ እግሩን አወረደ። ሌላው ካርታውን በባርኔጣው ከደነው። ኮን ከፍል ውሃ ተመልሶ ኖሯል፤ በከዘራው እያነከሰ መጣ።

«ወይዘሮ ታኬት፣ ኦሪን እዚህ የለም። እናቴ ትሙት።»

«እሱን ፈልጌ አልመጣሁም።»

«ታዲያ ሰው ሞተ?»

«ግድግዳውን ለማየት ነው።»

ኮን ግራ ቀኝ አየ። የሚያማክረው ሲያጣ ጠርሙሶቹን ወደ ጎን ገፋላት።

ከዳር ጀምራ አነበበች። ከፈራችው በላይ ቆንጆዎች ነበሩ። ድቡ አለ፤ እሱንስ በወሬ ታውቀዋለች። ስለ እጁ መንቀጥቀጥ ግን የነገራት አልነበረም። አንድ ቀን ብሩሽ መያዝ ቢያቅተኝ ምን እሆናለሁ ብሎ ለኮን ጽፎለታል። ስለ አሮጌው ፈረሱ ሞትም ጽፏል፤ ጭንቅላቱን ታቅፎ እስኪነጋ መቀመጡን፣ በጆሮው ሲያወራለት ማደሩን። ያን ጠዋት ዴልፊያ ታስታውሰዋለች። ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ምን ሆንክ ስትለው ነፋስ ነው ብሏታል።

የመጨረሻው ሥዕል ላይ ሰማያዊ ቀሚስ አለ። አሁን አስታማሚ አይደለችም። በመዶሻ ባገኘችው ነገር ሁሉ ላይ የዋጋ ወረቀት ትመታለች፤ ምድጃው ላይ፣ ውሻው ላይ፣ የኦሪን ባርኔጣ ላይ። ከሥሩ፣ ይህን እንዳታሳያት፣ ዋጋ ትጽፍበታለች ይላል።

«ቀልድ ነው» አለ ኮን ቀስ ብሎ።

«አውቃለሁ።»

«እኔ ለማንም አልሰጥም። በቀደም አንድ የቦስተን ሰው ለዚሁ ሰማንያ ዶላር ሰጥቶኝ እንቢ አልኩት።»

«ደግ አደረጉ። መቶ ሃምሳ ያወጣል።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ካርታውን የከደነው ሰውዬ ጠረጴዛውን ደበደበ። ዴልፊያ የተናገረችውን የሰማችው ከእነሱ በኋላ ነው። ፊቷ ጋለ። የመጀመሪያ ገናቸው ላይ ለእሷ ብሎ የሣለላትን ሚዳቋ አሰበች። በየካቲት ሸጣዋለች። ምድጃውን የገዙት በእሱ ነው። ኦሪን ያኔ ጥሩ ዋጋ ነው ብቻ ብሎ ነበር።

«ወረቀት አለዎት?» አለች።

ኮን ወረቀትና እርሳስ አመጣላት። ሻንጣዋን እግሯ ሥር አድርጋ ከጠረጴዛው ዳር ተቀመጠች። ከላይ ፈረስ ሣለች።

«ላሟ ምን ሆና ነው?» አለ ኮን ከትከሻዋ በላይ።

«ወዲያ ይበሉልኝ፣ አቶ ብራኖክ።»

በዜላ ቤት መስኮት ላይ ሆና የእሱን ደብዳቤ ስትጠብቅ መክረሟን ጻፈች። ነፋስ እንዳልነበረ አሁን ማወቋን ጻፈች። በኮን እቀናለሁ፣ በኤሜትም፣ ኮርቻህን በሰረቀህ ሌባም ሳይቀር እቀናለሁ ብላ ጻፈች። በመጨረሻም፣ ለእኔ ያልከውን ዳግመኛ አልሸጥም አለች። ቤቷ ከዚያ ሁለት መንገድ ብቻ ይርቃል፤ እሷ ግን ፖስታ ቤት ገብታ ቴምብር ለጥፋ ላከችው።

ቤት ስትደርስ ኦሪን ከሸራው ዞር አለ።

«ዜላስ?»

«ደህና ናት።»

«መጥበሻው ተቃጠለ።»

«ኤሜት ነግሮኛል።»

ቅዳሜ ፖስታ ቤት ሄዶ አነበበው። ረቡዕ እሷ ስትሄድ በሳጥናቸው ውስጥ ወፍራም ፖስታ አገኘች፤ በባሏ ጠማማ ጽሕፈት ስሟ ተጽፎበታል።

በዚያው ሳምንት ኮን ከዘራውን እያንኳኳ መጣ።

«ደረሰዎት አሉ፣ ወይዘሮ ታኬት። እስቲ አንድ ጊዜ ልየው።»

«ወጥ ቤት ነው የሰቀልኩት። እዚህ ቤት ወጥ ቤት ወንድ አይገባም።»

ኮን ለገና ጥሩ ውስኪ ይዞ መጥቶ ደግሞ ጠየቃት። አላሳየችውም።