የሽመላዎቹ ይሉኝታ

«እንቀመጥ እንጂ! ባየልኝ እኮ ነው የሞተው» አሉ ጋሽ ደረበ፣ ከንፍሮው እየዘገኑ።

ድንኳኑ ሙሉ ሰው ራሱን ነቀነቀ። እስከዳርም ነቀነቀች፤ የሟች ልጅ ሌላ ምን ታደርጋለች? አባቷ ከተቀበሩ አምስተኛ ቀናቸው ነው። ሣልስቱ ወጥቷል፤ ሰው ግን አልተነሳም። ከሽንፋ ወንዝ ማዶ ሰሊጡ ደርሷል። ሰሊጥ ደግሞ እንደ ማሽላ ቆሞ አይጠብቅም፤ ቀኑ ካለፈ ቆባው ይከፈትና ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። እዚህ የተቀመጡት አርባ ምናምን ገበሬዎች ይህን ከእሷ በላይ ያውቃሉ። ግን ማን ቀድሞ ይነሳ? ቀድሞ የተነሳው «ለሰሊጡ ሲል ባየልኝን ተወ» ይባላል። እሷ «ተነሱ» ብትል ደግሞ ለቀስተኛ አባረረች ነው የምትባለው። ዝም ካለች የመንደሩ የዓመት ልፋት በአባቷ ስም ሊረግፍ ነው።

አባቷ ለአጨዳ ከጎጃም መጥተው በዚያው የቀሩ ሰው ነበሩ። በምሳ ሰዓት በትራክተሩ ጥላ ሥር ለአጫጆቹ የእንስሳት ተረት ያወራሉ፤ መልእክቱን ግን ለማንም አይናገሩም። ትንሿ እስከዳር «እሺ፣ ጥፋተኛው ማን ነው?» ስትላቸው «አንቺው ንገሪኝ» ይሏታል። በጣም ያናድዳት ነበር። አድጋ የአማርኛ አስተማሪ ስትሆን ተበቀለቻቸው። የእሳቸውኑ ተረቶች ሰሌዳ ላይ ጽፋ «ሰውኛ»፣ «ተምሳሌት»፣ «ምጸት» እያለች በየመልካቸው ለየቻቸው፤ መልእክቱንም በቀይ ጠመኔ አሰመረችበት። አንድ ቀን የረሳችውን ምሳ ዕቃ ሊያደርሱላት መጥተው በመስኮት አዩ።

«መልሱን ከነገርሻቸው ተረቱን ለምን ታወሪላቸዋለሽ?»

«ፈተና ላይ ይመጣላ፣ አባዬ።»

ስቀው ሄዱ። እሷም አልገባቸውም ብላ ደመደመች፤ አስተማሪ አይደለች!

ከቀትር በፊት የመተማ ዮሐንሱ ነጋዴ ኸሊል ለልቅሶ ደረሰ። «ወላሂ፣ መንገዱን ሙሉ ሰሊጡ ቢጫ ሆኗል» ብሎ ጀመረና የሰዉን ፊት ሲያይ አንገቱን ደፋ። 

«አባዬ የሽመላዎቹን ተረት ነግረዋችሁ ያውቃሉ?» አለች እስከዳር።

ጎረቤቷ አየሁሽ አፏን ያዘች። በልቅሶ ቤት ተረት?

«አንድ ሽማግሌ ሽመላ ሞተ። መንጋው ከበበውና ተቀመጠ። ኩሬው እየደረቀ ነው፤ የመሄጃ ቀን ደርሷል። ግን አንዱ የሌላውን ክንፍ ያያል። ‹ቀድሜ ብበር አልወደደውም ይሉኛል› ይላል፤ ሁሉም እንዲሁ። ቁራ መጣችና ‹ማንን ነው የምትጠብቁት?› አለቻቸው። ‹የሞተውን› አሏት። ቁራዋ የሞተውን አየችው፤ ቀጥላ እነሱን አየቻቸው።»

አበቃች።

«ሞኞች ናቸው» አለ ኸሊል።

«ሞኝስ አይደሉም። ይሉኝታ ይዟቸው ነው» አሉ ጋሽ ደረበ። የተናገሩት ለራሳቸው ሲሰማቸው የዘገኑት ንፍሮ እጃቸው ላይ ቀረ። «ልጄ፣ ሽመላዎቹ እነማን ናቸው?»

መልሱ ምላሷ ላይ ነበር፤ ስንት ዓመት በቀይ ያሰመረችበት። አባቷ ለምን ዝም ይሉ እንደነበር የገባት ያን ጊዜ ነው። እሷ ከተናገረችው ስድብ ነው፤ ጋሽ ደረበ ራሳቸው ካገኙት ግን የራሳቸው ነው።

«እርስዎው ይንገሩኝ» አለች።

ጋሽ ደረበ ሳቁ፤ በአምስት ቀን ውስጥ በዚያ ድንኳን የተሰማ የመጀመሪያ ሳቅ ነው። «ሞቶም አልተወን» ብለው ተነሱ። «ማጭድ አምጡ። መጀመሪያ የባየልኝ ማሳ ይታጨዳል፤ ነገ የየራሳችን።»

አርባ ሰው በአንድ መስመር ሰሊጡ ውስጥ ገባ። ኸሊል ነጭ ጀለቢያውን ሰብስቦ አጨደ፤ አስተጫጨዱ ባያምርም የከለከለው የለም። አየሁሽ እያለቀሰች እልል አለች፤ ማንም ነውር ነው አላላትም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ማሳው አለቀ፤ አንድም ፍሬ አልባከነም ማለት ይቻላል። እስከዳር ደስ አላት፤ ደስ ማለቷም አላሳፈራት።

የመጨረሻውን ነዶ ራሷ አነሳችው። ፍሬው እንዳይፈስ አፉን ወደ ላይ አድርጋ፣ እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ነዶዎቹ ተደጋግፈው ወደ ቆሙበት ሂላ ቀስ ብላ ሄደች። አስደግፋ አቆመችው። ነዶው ጸንቶ ቆሟል፤ እሷ ግን እጇን ቶሎ አላነሳችም።