ለከሲታዎቹ አይጦች የተሰጠ ስኳር ድንች

በ2005 ዓ.ም. የመመረቂያ ጽሑፌን ለማቅረብ አራት ቀን ሲቀረኝ የሃያ አራቱን የሙከራ አይጦቼን ሆድ ከፍቼ ስባቸውን መዘንኩ። አሥራ ሁለቱ ውፍረትን ከወላጆቻቸው የወረሱ ነበሩ፤ የቀሩት አሥራ ሁለቱ ከሲታ ወንድሞቻቸውና እኅቶቻቸው ናቸው። ስምንት ሳምንት ሙሉ ለሁሉም እኩል መኖ፣ በቀን አራት አራት ግራም፣ እየመዘንኩ ሰጥቻለሁ። ጥያቄዬ አንድ ነበር፦ ወፍራሞቹ የሚወፍሩት አብዝተው ስለሚበሉ ነው ወይስ የወረሱት የስብ ሕብረ ሕዋስ ራሱ የተገኘውን ሁሉ ወደ ክምችት ስለሚወስድ?

ወፍራሞቹ እኩል በልተውም ስባቸው የከሲታዎቹን አምስት እጥፍ ሆነ። ደስታዬ ግን አልቆየም። መኖዬ ግራጫ ሆኖ ሳለ በከሲታዎቹ ጨጓራ ውስጥ ብርቱካንማ ነገር አገኘሁ።

የእንስሳት ክፍሉን የሚጠብቁት ጋሽ ዳልጮ ወለሉን እያጠቡ ነበር።

«ጋሽ ዳልጮ፣ ለአይጦቹ ከእኔ መኖ ሌላ የሰጠ ሰው አለ?»

«አለ እንጂ» አሉ፣ ምንም ሳያፍሩ። «እኔ ነኛ! ስኳር ድንች ነው፤ ቀቅዬ።»

«እንዴ! ለምን?»

«ልጄ፣ አንቺ መዝነሽ ትሄጃለሽ። ሰው ግን ገብቶ ያያል። ጥበቃው አንጁሎ ምን አለኝ መሰለሽ? ‹ቦዲቲ ገበያ በሬ ሲያወጣ ሰው የሚያስከብብ ዳልጮ አይጥ ማወፈር አቃተው!› እያለ ሲስቅብኝ ዋለ። አንዱ ሳጥን ሰንጋ፣ አንዱ ሳጥን አጥንት። የያዝኩት እኔ አይደለሁም እንዴ?»

ጋሽ ዳልጮ እዚህ ከመቀጠራቸው በፊት ሠላሳ ዓመት በሬ አድልበዋል። በእኛ አገር ገዢ ዋጋ ከመጥራቱ በፊት በሬውን ዳሌው ላይ ዳስሶ «ማን ነው የያዘው?» ብሎ ይጠይቃል። በሬ ቢከሳ የሚያፍረው ይዞ የቀለበው ሰው ነው። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ሆኖም አይጦቼን አደራ ስሰጣቸው ለአንድ አፍታ እንኳ አላሰብኩትም።

«ለወፍራሞቹስ ሰጥተዋል?»

«ለእነሱ? ጠግበው የለ! እንዲያውም ከእነሱ ቀንሼ ለእነዚህ ነው የጨመርኩት።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ግን አልያዘላቸውም። የተቀነሰበት ይደልባል፣ የተጨመረለት ይከሳል። እንዲህ ያለ ከብት አይቼ አላውቅም። ምንድን ነው ነገሩ?»

የእኔኑ ጥያቄ እኔኑ ጠየቁኝ። የተናገሩት እውነት ከሆነ፣ ውጤቱ እኔ ካቀድኩት ይልቅ የጠነከረ ነው፤ ያነሰ የበላው ብዙ ስብ አከማችቷል ማለት ነው። ነገር ግን ማን ምን ያህል በላ? ሚዛኑን አቀረብኩላቸው።

«ከተረፈው ስኳር ድንች፣ ሲሰጡ እንደነበረው ቆርሰው ያስቀምጡልኝ።»

የመጀመሪያው ቁራሽ ሦስት ግራም ሆነ፤ ሁለተኛው ሰባት፤ ሦስተኛው አምስት።

«ይለያያል እኮ!»

«ይለያያል እንጂ። ትልቁ ቁራሽ ጆሮዋ ለተቀደደችው ነበር። እሷ በጣም ታሳዝን ነበር።»

የስኳር ድንቹን ነገር ስነግራቸው አማካሪዬ ዶክተር እስጢፋኖስ የስቡን ክብደት ሠንጠረዥ ተመለከቱት። «ድምዳሜሽ ምናልባት ትክክል ነው» አሉኝ። «የሙከራ መንገድሽ ግን ተበላሽቷል። ‹እኩል ተመግበዋል› ብለሽ መጻፍ አትችዪም። ወይ ሌላ ርእስ ፈልጊ፣ ወይ በመስከረም ድገሚው።» ብደግመው ከጓደኞቼ ጋር አልመረቅም፤ እዚሁ ለማስተማር በረዳት ምሩቅነት የታሰበልኝም ቦታ ለሌላ ይሰጣል።

በዚያው ቀን ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ዓረፍተ ነገሩን ሦስት ጊዜ ጻፍኩት። «እኩል ተመግበዋል» ውሸት ነው። «ከሲታዎቹ አብልጠው በልተዋል» የሚለው ምናልባት እውነት ነው፤ ግን አልለካሁትም። እውነት ሊሆን የሚችለውን ነገር ስለማላውቀው ብቻ መሰረዝ ታማኝነት ነው ወይስ ፍርሃት? አልገባኝም። በመጨረሻ «የበሉት መጠን አይታወቅም» ብዬ ጻፍኩ፤ ይህ ደግሞ ጥያቄዬን ስለማይመልስ ስሜን ከአቅራቢዎቹ ዝርዝር እንዲያወጡልኝ ለትምህርት ክፍሉ ማመልከቻ አስገባሁ።

የክፍል ጓደኛዬ ሜላት ማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ቆማ ከአቅራቢዎቹ ዝርዝር ውስጥ ስሜን ስትፈልግ ደረስኩባት።

«ብሩክታይት! የለሽም እኮ! አንቺ? ወድቀሽ ነው እንዴ?»

«አላውቅም» አልኳት። የቀለድኩ መስሏት ሳቀች።