ታዛዥ ናት

ይሉኝታ ስንቱን ጎበዝ እንዳስቀረ የሚቆጥር ቢገኝ፣ ቆጥሮ አይጨርስም። ዙለይኻንም ሊያስቀራት ግማሽ ቀን ብቻ ነበር የቀረው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጀርመን አገር ያለ አንድ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ በሕይወት ሳይንስ የዶክትሬት ተመራማሪዎችን ይፈልጋል። ዙለይኻ ለማስተርሷ ከአቃቂ ወንዝ ጭቃ የፋብሪካ ቀለም የሚበሉ ባክቴሪያዎችን አውጥታለች፤ ቦታው በልኳ የተሰፋ ነበር። የቀረው የአማካሪዋ የዶክተር ፀሐዩ የድጋፍ ደብዳቤ ነው፤ እሱም አርብ እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት መግባት አለበት። ዶክተሩ እንደ ብዙ የአገራችን መምህራን፣ "አንቺው ጽፈሽ ላኪልኝ፤ ፈርሜ አስገባዋለሁ" አሏት።

ሰው እንዴት ራሱን ያወድሳል? "ታዛዥ ናት፤ ሰዓት ታከብራለች፤ ከሰው ጋር ተግባቢ ናት" ብላ ሐሙስ ላከችላቸው።

አርብ ከምሳ በኋላ፣ የክፍል ጓደኛዋ ፊሮምሳ አቃቂ ያለው የአባቷ ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆሞ ደብዳቤውን ከስልኳ አነበበና በሳቅ ፈረሰ።

"ዙሌ፣ ይሄ እኮ ለትዳር ነው የሚሆነው! ጠርሙሷስ የታለች?"

ጠርሙሷን ሆን ብላ ነው የተወቻት። አምና ዶክተር ፀሐዩ "ይሄ ናሙና ተበላሽቷል፣ ድፊው" ሲሏት፣ እሺ ብላ አንዷን ጠርሙስ መደርደሪያ ኋላ ደበቀች። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሰማያዊው ቀለም ጠፍቶ ውሃው የጠራው በዚያችው ጠርሙስ ውስጥ ነው። ታዲያ ይህን መጻፍ ትልቁን ሰው በገዛ ፊርማቸው "ተሳስቼ ነበር" ማሰኘት አይደለም?

የፊሮምሳ ሳቅ ግን ከሐሳቧ አልወጣ አለ። እዚያ የሚያነቡት ሰዎች ታዛዥ ምን ያደርግላቸዋል? ለዶክተር ፀሐዩ ደወለች፤ ስልካቸው ዝግ ነው። ደጋግማ ሞከረች፤ ያው ዝግ ነው። ወደ ቤታቸው፣ ወደ ሳሪስ በሚኒባስ ተሳፈረች። ቃሊቲ ላይ የጭነት መኪኖች መንገዱን ዘግተውታል። አዲስ ደብዳቤ ስልኳ ላይ ትጽፋለች፣ ታጠፋለች፣ ሰዓት ታያለች። ዐሥር ሰዓት። ዐሥር ከሩብ። "ያ አላህ፣ እንዳይልኩት ብቻ!"

ዐሥር ተኩል ላይ እያለከለከች ደረሰች። ዶክተር ፀሐዩ በነጠላ ጫማ ሆነው ጽጌረዳቸውን ያጠጣሉ።

"ዶክተር፣ ደብዳቤውን እንዳይልኩት! ሌላ ጽፌያለሁ።"

"ልኬዋለሁ እኮ።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። በረንዳው ደረጃ ላይ ቁጭ አለች።

"ያንቺን ግን አይደለም" አሉ ዶክተሩ። "ስልኬን ዘግቼ ስጽፍ ነው የዋልኩት።" ላፕቶፑን ከወንበሩ ላይ አንስተው ሰጧት።

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ክው አደረጋት፦ "ዙለይኻ ታዛዥ አይደለችም።" ቀጠለች። "ድፊ ያልኳትን ናሙና ደብቃ አቆየችው። ልክ የነበረችው እሷ ናት፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። እንደ እሷ ያለ ተማሪ ገጥሞኝ አያውቅም።"

አምና የጠራውን ውሃ ስታሳያቸው "እህ" ብለው ብቻ ነበር ያለፏት። ዙለይኻ እንባዋ መጣ። አመሰግናለሁ ልትላቸው ቀና ስትል፣ ዶክተር ፀሐዩ ጀርባቸውን ሰጥተው አሁን ያጠጡትን ጽጌረዳ እንደገና ያጠጣሉ።