የአቶ ቢሆንስ ሚስት

ልብስ ሰፊዋ ባሏን የምትወደው እየተነጫነጨችበት ነው። ሰውየው ከከተማ አውቶቡስ ሹፌርነቱ በጡረታ ከተገለለ ወዲህ መሪ የናፈቀው እጁ የሚይዘው ቢያጣ ቤቱን ያዘ። ጠዋት ሻይ ሲጠጣ፣ "እሳት ቢነሳስ?" ይላል። ቀን ጋዜጣ ሲያነብ፣ "ውሃ ቢጠፋስ?" ይላል። ማታ ጫማውን ሲያወልቅ ደግሞ፣ "በሩ አልከፈት ቢለንስ?" ብሎ ይተኛል፤ እሱ ወዲያው ያንኮራፋል፣ እሷ ዓይኗ ፈጦ ይቀራል። የሕንፃው ሰው እናቱ ያወጣችለትን ስም ረስቶ "አቶ ቢሆንስ" ይለው ጀመር።

"አቶ ቢሆንስ፣ ዛሬስ ምን ሊወድቅብን ነው?" ይሉታል ደረጃ ላይ ሲያገኙት።

እሱ አይቀየምም። "የሚወድቀውንማ ባውቅ ጠንቋይ ሆኜ በተቀመጥኩ። ስለማላውቅ ነው የምዘጋጀው" ይላቸዋል።

ቤታቸው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ነው። አንዱ መኝታቸው፣ ሌላው ደግሞ ሳሎንም፣ ወጥ ቤትም፣ የእሷ የስፌት ቤትም ነው። የስፌት መኪናዋ ወደ ጓሮ በሚያየው መስኮት ሥር ተቀምጧል። ከበሩ ኋላ አንድ የሸራ ቦርሳ በሚስማር ተንጠልጥሏል። ቦርሳውን የሰፋችው እሷው ናት፤ ስትሰፋው ግን፣ "ምነው፣ ልትፈታኝ ነው? ወዴት ልትሄድ ነው ጓዝህን የምትሸክፈው?" እያለች ነበር። ባሏ የግፊት መድኃኒታቸውን፣ የመታወቂያቸውን ቅጂ፣ የእጅ ባትሪ፣ የሚጠጣ ውሃና አንድ ፊሽካ ከተተበት። ሌላም ብዙ ሊከት ፈልጎ ነበር፤ አንስቶ ሲሞክረው ወገቡን ያዘውና ግማሹን መለሰ። "ተሸክመሽ መሮጥ የማትችይው ዕቃ አያድንሽም፤ ያስቀርሻል እንጂ" አላት፣ ራሱ እንዳልተሸነፈ ሆኖ።

ትምህርቱ አያልቅም ነበር።

"በሩን ከመክፈትሽ በፊት በእጅሽ ጀርባ ንኪው። ከጋለ እንዳትከፍቺ።"

"ለምን በጀርባው? መዳፌ ምን አጠፋ?"

"መዳፍሽ ቢቃጠል በምን ትሰፊያለሽ?"

የልጃቸውን ስልክ ቁጥርም በቃሏ እንድትይዝ ወጥሮ ያዛት። ልጃቸው ከከተማው ሌላ ጫፍ አዋላጅ ነርስ ናት። "ቁጥሯ እኮ ስልኬ ውስጥ አለ" ብትለው፣ "ስልኩ ባይኖርስ?" አላት። እሷም እሱን ዝም ለማሰኘት ስትል ቁጥሩን በመኪናዋ ፔዳል ምት እያዜመች ያዘችው፤ ልብስ ሊለኩ የሚመጡ ደንበኞቿ አዲስ ዘፈን የወጣ መስሏቸው ነበር።

ፊት ለፊታቸው ያሉትን እማማንም አልማራቸውም። እማማ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ጆሯቸው የደከመ፣ ጉልበታቸው የሚያማቸው አሮጊት ናቸው። የቤታቸውን ቁልፍ ቅጂ እንዲሰጡት ሲጠይቃቸው ከላይ እስከ ታች አዩት።

"ልትሰርቀኝ ነው? እኔ ቤት ያለው እርጅና ብቻ ነው። እሱን ከወሰድክልኝ በሩንም ነቅለህ ሂድ።"

ቁልፉን ግን ሰጡት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልብስ ሰፊዋ የተማሪ ዩኒፎርም ጠርዝ እየቀመቀመች ሳለ የሚቃጠል ነገር ሸተታት። መጀመሪያ የጠረጠረችው ካውያዋን ነው። ዞር ብላ ብታየው ተነቅሏል፣ ቀዝቅዟልም። ሽታው የጨርቅም የእንጨትም አይደለም፤ ጉሮሮ የሚቧጥጥ፣ የሚመር ነገር ነው። መስኮቱ ላይ ብቅ ብትል ምድር ቤት ካለው የፍራሽ ሱቅ የጓሮ መጋዘን ጥቁር ጭስ እየተጥመለመለ ይወጣል። ወዲያው ከታች ሰው ጮኸ። "እሳት! እሳት ነው! ውጡ!"

መስኮቱን ዘጋችና፣ "አንተ!" ብላ ተጣራች። "እሳት ተነሳ!"

ባሏ አረፍ ካለበት መኝታ ቤት በካልሲው እየሮጠ ወጣ። ልቧ እፎይ አለ። ይኸው፣ ቀኑ መጣ፤ እሱ ደግሞ ለዚህ ቀን ነው የኖረው። ቀጥ ብሎ ወደ ቦርሳው ሄደ፣ ከሚስማሩ አወረደው፣ ወለሉ ላይ ተንበረከከና ከፈተው። ከዚያ ዕቃውን አንድ በአንድ ያወጣ ጀመር።

"ምን እየሠራህ ነው?"

"መድኃኒቱ ጊዜው አልፎ እንደሆን... ልየው ብዬ ነው" አላት። ድምፁ የእሱ አይመስልም። የመድኃኒቱን ካርቶን ያገላብጠዋል፤ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ጽሑፉ አይነበብለትም። መልሶ ያስቀምጠዋል፣ መልሶ ያነሳዋል። ስንት ዓመት ሙሉ በሚያጋፋ መንገድ ውስጥ ያን የሚያህል አውቶቡስ ሲያሾር የኖረ ሰው፣ ባለበት ደርቆ ቀረ።

በሕይወቷ እንደዚያ ፈርታ አታውቅም። ከእሳቱ ይልቅ ያስፈራት የእሱ ፊት ነው። ግን መፍራቷን ለኋላ አቆየችውና አጠገቡ ተንበርክካ ጉንጮቹን በሁለት እጆቿ ያዘች።

"እየኝ። አዎ፣ እኔን እየኝ። ቦርሳው ደህና ነው፤ አንተ አዘጋጅተኸዋል። ጫማህን አድርግ።"

አደረገ። ማሰሪያውን እሷ አሰረችለት። ከዚያ አፏ በራሱ መናገር ጀመረ፤ የሚወጣው ቃል ግን ሁሉ የእሱ ነበር። "ሌላ ዕቃ አንፈልግም። ዝቅ እንበል። በሩን በእጅ ጀርባ።" የቦርሳውን ዕቃ ሰብስባ ጀርባዋ ላይ አዘለችው፣ በሩን ነካችው። አልጋለም። ጩኸቱን የማይሰሙትን እማማን ለማውጣት ቁልፋቸውን ከተሰቀለበት ወሰደችና ቀስ ብላ ከፈተች።

ኮሪደሩ ላይ ጭሱ ገና ስስ ነበር። የደረጃው ጉድጓድ ግን እንደ ጭስ ማውጫ ሆኗል፤ ወደ ታች ስታይ ቀጣዩ ማረፊያ እንኳ አይታይም። ሮጠሽ ውረጂ፣ ሮጠሽ ውረጂ የሚል ነገር እግሯን ጎተታት። ያኔ ስንት ጊዜ የተሰላቸችበት የባሏ ቃል ጆሮዋ ላይ መጣ፦ ከእሳቱ በፊት የሚገድለው ጭሱ ነው፤ ወደ ጭስ አትውረጂ። የራሳቸው ቤት መስኮት ጭሱ በሚወጣበት በኩል ነው። የእማማ ግን ወደ ዋናው መንገድ ያያል። ባሏን በእጁ ይዛ ኮሪደሩን ተሻገረችና የእማማን በር ከፈተች።

እማማ ቴሌቪዥኑን እስከ ጥግ አስጩኸው የሹራብ ክር እየጠቀለሉ ነበር። ሁለቱን ጎንበስ ጎንበስ እያሉ ሲገቡ ሲያዩ ክሩ ከእጃቸው አመለጠ።

"ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም እማማ። እንዳንሞት ነው የመጣነው" አለች ልብስ ሰፊዋ ጮክ ብላ፣ በሩን ከኋላዋ ዘግታ ቴሌቪዥኑን እያጠፋች። "ታች እሳት ተነስቷል።"

ወደ መታጠቢያ ቤት ሮጣ ያገኘችውን ፎጣ ሁሉ ውሃ ውስጥ ነከረች። ስትመለስ ባሏ ግድግዳውን ተደግፎ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። እማማ ከወንበራቸው ሆነው ትኩር ብለው እያዩት ነው።

"ቢሆንስ፣ ልጄ፣ ምነው ዛሬ ዝም አልክ?"

ቀና ብሎ አያቸው። "እማማ... ሆነ እኮ" አላቸው፣ እንደ ሕፃን።

"እሱንማ አየሁ። ታዲያ ሲሆን ምን እናድርግ ነበር የምትለን? እኔ ጆሮዬ ደክሞ በደንብ አልሰማሁህም። እስቲ አሁን ድገምልኝ።"

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። "ፎጣ... እርጥብ ፎጣ በበሩ ሥር መወተፍ።"

"እህ?"

"ፎጣ!" አለ ጮክ ብሎ፤ በራሱ ድምፅ የነቃ ይመስል ከሚስቱ እጅ ፎጣዎቹን ተቀብሎ እየዳኸ ወደ በሩ ሄደ። ክፍተቱን ከሥር ከጎን ወተፈው። ተመልሶ እማማን ከነወንበራቸው ወደ መስኮቱ ጎተታቸው። ለእያንዳንዳቸው እርጥብ ጨርቅ ለአፍና ለአፍንጫ ሰጠ። ሚስቱ ፊሽካውን ከቦርሳው አውጥታ ስታቀብለው እጁ መንቀጥቀጡን አልተወም፤ ግን ሥራ ይዞ የሚንቀጠቀጥ እጅ ነበር። መስኮቱን ከፍቶ ነፋ።

መንገዱ ላይ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ወደ ላይ አንጋጠጠ። ልብስ ሰፊዋ ቀይ የጠረጴዛ ልብስ በመስኮቱ አውጥታ አውለበለበች። የእሳት አደጋ መኪና ጩኸት ከሩቅ ይሰማል፤ ይቀርባል ሲሉት የሚርቅ እየመሰላቸው ጠበቁ። በበሩ በኩል የሚመረው ሽታ መግባት ጀምሯል። እማማ በአንድ እጃቸው የእሷን፣ በሌላው የእሱን እጅ ጨብጠው፣ አንዴም ሳይለቁ ተቀመጡ።

መሰላሉ መስኮቱን ሲነካ መጀመሪያ እማማ ይውረዱ ተባለ። እሳቸው ግን ጉልበቴን ብለው አንገራገሩ፤ ትከሻው ሰፊ የሆነ እሳት አጥፊ ይቅርታ ጠይቆ አቀፋቸው። "ባሌ ከሞተ ወዲህ ያቀፈኝ ወንድ የለም፤ ለዚህ ደግሞ ቤት መቃጠል ነበረበት?" ሲሉ ያ ሁሉ የፈራ ሰው ከታች ሳቀ። ከዚያ እሷ ወረደች። ባሏ በመጨረሻ ወረደ፤ መሬት ሲረግጥ እሷ ክንዱን ያዘችው።

ከመንገዱ ማዶ ጫማ ጠጋኙ የሚቀመጥበት ጥላ አለ። ሕንፃው ላይ ድንገት ነገር ቢመጣ እዚያ እንገናኝ ብሎ ባሏ ለልጃቸው ሳይቀር ነግሯት ነበር። እዚያ ሲደርሱ ነው ለልብስ ሰፊዋ ስልኳ ስፌት መኪናው ላይ መቅረቱ ትዝ ያላት። ጫማ ጠጋኙ የራሱን ሰጣት። ቁጥሩን ለማስታወስ አልቸገራትም፤ እግሯ በሌለ ፔዳል ላይ እየመታ ጣቷ ነካካው።

"ልጄ፣ እኔ ነኝ። ሁለታችንም ደህና ነን። አባትሽ አጠገቤ ነው። ጥላው ሥር ነን።"

ልጅቷ ከወዲያ ማዶ ማልቀስ ጀመረች። ልብስ ሰፊዋም ያን ጊዜ ነው ለኋላ ያቆየችውን ፍርሃት የለቀቀችው፤ የጫማ ጠጋኙ ሳጥን ላይ ቁጭ ብላ ስቅስቅ አለች።

እሳቱ መጋዘኑንና ደረጃውን ጎድቶ ጠፋ። ሰው አልሞተም። ሕንፃው እስኪጠገን ልጃቸው ቤት ገቡ። ልጅቷ ወደ ሥራ ስትሄድ ሁለቱ ብቻቸውን ይቀራሉ፤ ባሏ ግን "ቢሆንስ" ማለት አቆመ። ሻዩን ይጠጣል፣ ጋዜጣውን ይገልጣል፣ ዝም። ስትመኘው የኖረችው ዝምታ መጣላት፤ ብታየው የማይጣፍጥ ሆነባት።

አንድ ጠዋት ሳህን እያጠበች ከኋላዋ መጥቶ ቆመ።

"ሁሉን ያስተማርኩ እኔ። የደረቅሁትም እኔ" አላት። "አንቺ ባትኖሪ እዚያው የመድኃኒት ካርቶን ሳነብ እቀር ነበር። በምን ዓይኔ ነው ሰው የማየው?"

እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ዞረች። "እኔ ምን የራሴ ነገር ተናገርኩ? አፌ ላይ የነበረው ያንተ ቃል ነው። ስትነዘንዘኝ ኖረህ፣ ንዝንዝህ ነው ያወጣን።"

"ታዲያ እኔን ለምን አላወጣኝም?"

"አንድ ነገር ስለረሳህ። እሳት ቢነሳስ አልክ፣ ውሃ ቢጠፋስ አልክ። 'እኔ ራሴ ብደነግጥስ?' አላልክም።"

መጀመሪያ ትከሻው፣ ቀጥሎ ሆዱ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ሲስቁ ሲስቁ ተቃቀፉ፣ የሳህን ማጠቢያው ውሃ እየፈሰሰ።

"እውነትሽን ነው" አላት ሲረጋጋ። "አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ዝግጅት ዝግጅት አይደለም። አንዱ ሲደርቅ ሌላው ማንቀሳቀስ አለበት።"

"እንግዲህ ጀመርክ" አለችው። ግን ደስ አላት።

ደረጃው ታድሶ፣ ግድግዳው ተቀብቶ ሲመለሱ ጎረቤቶቹ ጠበቋቸው። ደረጃ ላይ ሲያሾፉበት የነበሩት ሁሉ ጓሮው ውስጥ ተሰብስበው እንዲያስተምራቸው ለመኑት። እሱ ግን ሚስቱን ወደ ፊት ገፋ አደረጋት። "እሷን ስሟት። እኔ የማውቀው በወሬ ነው፤ እሷ በተግባር አይታዋለች።"

ንግግር ያልለመደባት ልብስ ሰፊ የመለኪያ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ቆመች። "እኔ እንኳ የምለው ብዙ የለኝም" አለች። "ቦርሳ ያዙ፣ ቀላል ይሁን። መውጫችሁ ቢዘጋ ሌላው የት እንደሆነ ዛሬ እዩት፤ ያን ቀን አይታያችሁም። ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይወቅ፣ ልጅም ይወቅ። ከሁሉ በላይ ግን የጎረቤታችሁን በር እወቁ፤ ማን ጆሮው እንደማይሰማ፣ ማን ደረጃ እንደማይወርድ። እኛ እማማን ልናድን ገባን፤ ያዳኑን ግን እሳቸው ናቸው።"

"ምን አለች?" አሉ እማማ። አጠገባቸው ያለው ሰው በጆሯቸው ደገመላቸው።

በሳምንቱ ሁሉም እንደ ተነጋገሩት ለመለማመድ ከየቤቱ ወጥቶ ወደ ማዶ ተሻገረ። አንዱ ጫማውን ረስቶ ወጣ፣ አንዷ ድስት ይዛ ወጣች፤ ተሳሳቁ፣ ተራረሙ። ልምምዱ ካለቀ በኋላ ግን ወደ ቤቱ የተመለሰ አልነበረም። ስንት ዘመን በአንድ ደረጃ ሲወጡ ሲወርዱ የኖሩ ሰዎች ያን ዕለት ገና የተገናኙ ይመስል፣ ጫማ ጠጋኙ ከየት እንዳመጣቸው በማይታወቁ ወንበሮች ላይ ተደርድረው ወሬ ያዙ። ልብስ ሰፊዋ ፀሐዩ ሲበርድ ባሏ አጠገብ ቦታ አገኘችና ተቀመጠች፣ ጭንቅላቷንም ትከሻው ላይ ጣል አደረገች።

"ደከመሽ?" አላት።

"አይ፣ እንዲሁ ነው።"

እሱም ወሬውን ሳያቋርጥ እንድትደላደል ትከሻውን ዝቅ አደረገላት።