ቁልፍ ብቻ ነው የቀረው

«እኔ የምልሽ፣ ውሉን አፍርሺውና ተገላገዪ» አሉ የሟቹ ታላቅ ወንድም፣ የሻይ ብርጭቋቸውን ከወንበሩ ስር እያስቀመጡ። ለቅሶ ቤት ነውና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገዋል፤ ዝቅ ያለው ድምፃቸው ግን እስከ ውጭ በር ይሰማል። «ሰው አገር፣ ያልቆመ ፎቅ! ወንድሜን የገደለው የሱ ብስጭት ነው።»

«የገደለውስ ልቡ ነው፣ ጋሼ» አለች የሟቹ ሚስት። «ሐኪሙ ሲናገር አብረን ሰምተናል።»

ጥግ የተቀመጠ አንድ የሟቹ ደንበኛ አላስቻለውም። «ነፍሱን ይማረውና፣ የኔ ሱሪ እኮ እሱ ጋ ነው» ሲል አጠገቡ ላለው ሹክ አለ። «ቁልፍ ብቻ ነው የቀረው ብሎኝ ነበር።»

ሐዘንተኛዋ ሳይቀር ሳቋ አመለጣት። ልብስ ሰፊ ባሏን ሰፈሩ በሙሉ «ቁልፍ ብቻ» እያለ ነበር የሚጠራው። ማንም ይምጣ ማን መልሱ ያው ነው፤ «አለቀ እኮ! ቁልፍ ብቻ ነው የቀረው!» ጨርቁ ግን እንደታጠፈ መደርደሪያ ላይ ነው፣ መቀስ አልነካውም። እሷንም ያገኛት በዚሁ ውሸቱ ነበር። የእህቷ ሠርግ ደርሶ ቀሚሷን ልትወስድ ብትመጣ ያቺኑ ቃል ነገራት። «ጥሩ፣ እጠብቃለሁ» ብላ አግዳሚው ላይ ዘፍ አለች። ምን ያድርግ? እያላበው ቆረጠ፣ እያላበው ሰፋ፣ የመጨረሻዋን ቁልፍ እስኪተክል አልተነሳችለትም። «እንዳንቺ ያለች ችኮ አይቼ አላውቅም» አላት። ከዚያ አገባት።

ፎቁ ላይ ያለውን ቤት የገዙት ገና ወረቀት ላይ ሳለ ነው። አንድ ልጃቸው ተድራ የምትኖርበት አገር፣ ከቤቷ ትንሽ ራቅ ብሎ። የልጅ ልጁን ትምህርት ቤት እያደረሰ ሊያረጅ ነበር ሐሳቡ። ይደርሳል የተባለበት ዓመት አለፈ፣ የሚቀጥለውም አለፈ። አንድ ቀን ሻጩ፣ እዚያው የሚኖር ያገር ልጅ፣ ደውሎ «አባቴ፣ አለቀ እኮ! ቁልፍ ማስረከብ ብቻ ነው የቀረው» ሲለው ባሏ ስልኩን ዘግቶ አያት።

«ጉድ ፈላ! ይሄ ሰውዬ ልብስ ሰፊ ነው። ጨርቁ ገና አልተቆረጠም!» አለና እስኪያስለው ሳቀ። «ግድ የለሽም፣ እስከዚያ ለዚያ አገር ብርድ የሚሆን ካፖርት እሰፋልሻለሁ።»

ስለ ካፖርቱ በጠየቀችው ቁጥርም መልሱ ያው ነበር።

«እማ፣ እኔ መች ሻጩ ቢሮ ሳልሄድ ቀረሁ?» አለች ለለቅሶው የመጣችው ልጅ፣ አጎቷን በጎን እያየች። «ሻይ ያጠጡኛል፣ የሕንፃውን ስዕል ያሳዩኛል፣ እስከ በር ይሸኙኛል።»

በዚህ መሃል ስልክ ጮኸ። ሻጩ ነው።

«ነፍስ ይማር፣ እናቴ። እግዜር ያጥናዎት። እንግዲህ ከከበድዎት ውሉን ማፍረስ ይችላሉ።»

«ቤቱስ?»

«ቤቱማ አለቀ እኮ። ቁልፍ ብቻ ነው የቀረው።»

እንባዋ መጣ። ያ ቃል በሌላ ሰው አፍ! ባሏ ናፈቃት፣ ከነውሸቱ።

«ጥሩ፣ እጠብቃለሁ» አለችው።

«የት ሆነው?»

«ቢሮህ ቁጭ ብዬ። አግዳሚ አላችሁ?»

ስልኩን ዘጋችው። የሟቹ ወንድም፣ «ወይ አንቺ ሴት!» አሉ።

«ጋሼ፣ ያንን ቤት አልተውም። ከልጄና ከልጅ ልጄ ጎን መኖር እፈልጋለሁ። እሱ አልደረሰበትም፤ እኔ እደርሳለሁ።»

ሲመሻሽ ለቀስተኛው ተበተነ። ወደ ልብስ መስፊያው ክፍል ገባች። የደንበኛው ሱሪ ጨርቅ እንደታጠፈ መደርደሪያው ላይ ነው። ግድግዳው ላይ በሻሽ የተሸፈነ ነገር ተንጠልጥሏል። ገለጠችው።

ካፖርቷ ነው። እጅጌው ገብቷል፣ ገበሩ ተሰፍቷል፣ የቁልፍ ቀዳዳዎቹ አንድ በአንድ ተዘምዝመዋል። ኪሱ ውስጥ ቁልፎቹ በክር ታስረው ተቀምጠዋል።

«አንተ ውሸታም» አለችና ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።

ከዚያ ፊቷን ጠረገች፣ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች፣ መርፌው ውስጥ ክር አስገባች። የመጨረሻዋን ቁልፍ ተክላ ስትጨርስ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።