ሙቀት የማያሳልፈው ጓርኒሲዮን

ፀጋዘአብ ሙቱንጎ በሚባለው ሰፈር ዳገት ላይ፣ እጮኛው ኤልዳና በምትኖርበት ግቢ በር ላይ አሮጌ ቶዮታውን አቁሞ ኮፈኑን ከፈተ። መኪናዋ የቡጎሎቢን ሰፈር የመኪና መጨናነቅ አልፋ ዳገቱ ላይ ስትደርስ፣ የምትስበው አየር በሞተሩ ግለት እየሞቀ አቅም ያሳጣት ነበር። በሠርጉ ቀን ሙሽራይቱን የምትወስደው እሷ ስለሆነች፣ ፀጋዘአብ ወደ መካኒኮቹ ሰፈር ወደ ካትዌ ሲመላለስ ከርሞ ሙቀት የማያሳልፍ ወፍራም ጓርኒሲዮን አስቆርጦ፣ በሞተሩና በአየር ማስገቢያው ማኒፎልድ መሐል ገጠመላት። ዛሬ ዳገቱን ሳታቃስት ወጣችው።

ኤልዳና ከግቢው ስትወጣ፣ “ነዪ፣ ንኪው! አያቃጥልም” አላት።

“አንተና ሞተርህ!” ብላ ፈገግ ልትል ሞከረች። ግራ እጇን ዘርግታ ማኒፎልዱ ላይ አሳረፈች።

“አየሽ? ለብ ቢል ነው!” ከዚያ ባዶ ጣቷን አየና ሳቀ። “ጎበዝ! ሞተር ሲነካ ቀለበት ይወልቃል ያልኩሽን አልረሳሽም። መካኒክ ሆነሽልኛል።”

ኤልዳና እጇን ከብረቱ ላይ አላነሳችም። “ፀጌ፣ ለሞተሩ ብዬ አይደለም ያወለቅኩት።”

ሳቁ ፊቱ ላይ ትንሽ ቆየ። ነገሩ ሲገባው ድምፁ ወረደ።

“ምን አስቀየምኩሽ?”

“ምንም። በአንድ ነገር እንኳ ብታስቀይመኝ ይቀለኝ ነበር። ልወድህ ሞከርኩ፤ ልቤ እምቢ አለኝ።”

ቀኝ እጇን ከሹራቧ ኪስ አውጥታ ቀለበቱን መዳፉ ላይ አኖረችለት። ጨብጣው ቆይታ ኖሮ ይሞቅ ነበር።