ከሰሜኑ ግድግዳ ሥር

«ክሬስተን ይህን ቢያይ ኖሮ ተነስቶ ራሱ ይልገው ነበር» አለ ጎረቤቱ አክሰል፣ ከከተማ የመጣውን የሬሳ ሣጥን ሻካራ ጠርዝ እየዳሰሰ።

ዳግኒ ባሏ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። የመንደሩን በርና መስኮት፣ አልጋና የሬሳ ሣጥን ሁሉ ሲሠራ የኖረ አናጢ፣ ዛሬ በሌላ ሰው ሥራ ውስጥ ተኝቷል። ሳቋ መሀል ላይ ሲሰበር አክሰል ቶሎ ብሎ ቡና ቀዳላት።

ለቀስተኞቹ ኬካቸውን ይዘው ይገባሉ፣ እጇን ጨብጠው ይቀመጣሉ። ወጥ ቤት ሲደርሱ ግን ይንሾካሾካሉ። ክሬስተን የተናዘዘው ካባቱ ጎን ሳይሆን፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ሰሜን ግድግዳ ሥር፣ ከጀርመን ስደተኞች ሕፃናት መሀል እንዲቀበር ነው።

«ማቲልዴ ሰምታለች?»

«ከሰማችማ ቀብሩ ላይ አትቆምም።»

ጦርነቱ ባበቃበት የጸደይ ወራት የመንደሩ ትምህርት ቤት ከጀርመን በሸሹ ስደተኞች ተጨናንቆ ነበር። ሕፃናቱ በኩፍኝ ይረግፉ ጀመር። በከረጢት ተጠቅልለው ሊቀበሩ መሆኑን ሲሰማ ክሬስተን ሣጥን ሊሠራላቸው ለአዲሱ ቤቱ ወለል ያስቀመጠውን ጣውላ አወጣ።

«ወለላችንስ?» አለችው ያኔ ሙሽራ የነበረችው ዳግኒ።

«እኛ አፈር ላይ ብንራመድ ምን እንሆናለን? እነሱ ግን አፈር ውስጥ እንዲሁ አይጣሉ።»

ሁለት ክረምት አፈር ላይ ኖሩ። ለጠላት ልጆች ሣጥን ሠራ ብሎ መንደሩም ዘጋው፤ ወንበር እንኳ ሥራልኝ የሚለው ጠፋ። ጀርመኖች ወንድሟን ወስደው ያስቀሩባት ማቲልዴማ መንገድ ላይ ካየችው ወደ ማዶ ትሻገር ነበር። ሌሎቹ ከዓመታት በኋላ ለዘቡ፤ እሷ ግን እንዳኮረፈች አረጀች።

በቀብሩ ዋዜማ ማቲልዴ ራሷ መጣች። ካፖርቷን ሳታወልቅ ከሣጥኑ አጠገብ ተቀመጠች።

«እዚያ ጥግ ልታስቀብሪው ነው አሉ።»

«እሱ ነው የለመነኝ።»

«አንቺስ የት ልትተኚ ነው?»

ዳግኒን እስካሁን ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። «ከሱ ጋ ነዋ። ሌላ የት እሄዳለሁ?»

ማቲልዴ ወደ ሣጥኑ ዞረች። «ወንድሜ የት እንደወደቀ አላውቅም፤ ሣጥን ይኑረው አይኑረው አላውቅም። ባልሽን ባየሁ ቁጥር፣ እሱ ለነሱ ሲሠራ ለኔ ወንድም ማን ሠራለት እያልኩ አንጀቴ ይቃጠል ነበር።» የሣጥኑን ጠርዝ ዳሰሰች። «ምናልባት እዚያም አንድ አናጢ ኖሮ ይሆን?»

ዳግኒ ወንበሯን ስባ ጉልበት ለጉልበት ገጥማ ተቀመጠች።

በማግስቱ መዝሙሩ አልቆ ሰዉ በካፊያው ውስጥ ሲበተን ማቲልዴ ቀረች። ካዲሱ መቃብር አጠገብ ካለችው ትንሽ መስቀል ፊት ተንበረከከች፤ ጓንቷን አውልቃ ስሙን የሸፈነውን አረንጓዴ ሻጋታ በአውራ ጣቷ ጠረገች።

«ሄልጋ» ብላ አነበበች። «ዕድሜዋ ስንት ነበር?»

«ገና ዳዴ ትል ነበር።»

ማቲልዴ ጠረጋዋን ሳታቆም ራሷን ነቀነቀች። ሣሩ ረጥቦ ያዳልጥ ስለነበር ዳግኒ እንዳትወድቅ የማቲልዴን ካፖርት ከጀርባዋ ጨምድዳ ይዛላት ቆመች።